በግራ እጅ የተጻፈችው ገጽ

ጋሽ እንድሪስ የሞቱ ዕለት ወልድያ ነበርኩ። የደወለልኝ መርሳ አብሮን ያስተምር የነበረ ባልደረባችን ነው። «ስኳሩ በረታባቸው፤ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው፤ ከቻልሽ ድረሺ» አለኝ። አልደረስኩም። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ጠብቄ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ፍተሻ ይዞን፣ መርሳ ስገባ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እዚያ ከቆሙት ወንዶች አንዱ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። «ደግ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ምን ያደርጋል፣ ያን መጽሐፋቸውን ሳይጽፉት ሞቱ።» ጓደኛው ከንፈሩን መጠጠለት።

ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ነውና ዋጥ አድርጌው ገባሁ። እዚህ ግን አልውጠውም። ጋሽ እንድሪስ ጽፈዋል። ምን እንደጻፉ፣ በምን እጃቸው እንደጻፉና ማን እንደሰማቸው ልናገር ነው የተቀመጥኩት፤ ያ ሰውዬ ቢያነብልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ጋሽ እንድሪስ ተማሪ ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በኋላ እኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ እዚያው ስመደብ የመምህራን ክፍል ውስጥ ወንበራችን ጎን ለጎን ሆነ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮታቸው እጅጌ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የእጅ ጽሕፈታቸው ከመርሳ እስከ ውርጌሳ የታወቀ ነው። የሱቅ ሰሌዳው፣ የሰርግ ጥሪው፣ የተማሪው ሰርተፍኬት፣ የመስጊዱ ማስታወቂያ፣ የማርያም ማኅበርተኞች የስም ሰሌዳ ሳይቀር በሳቸው እጅ ነው የተጻፈው። ሰው ሲያደንቅላቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል። «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ትሕትና እየመሰለኝ ለስንት ዓመት ስቄበታለሁ።

መጽሐፍ እየጻፉ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስለ ወጣትነታቸው ዘመን ነው። ሰማንያ ገጽ ጽፈው ሰማንያ አንደኛው ላይ ቆሙ። ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር አይደለም፤ ለአስራ አንድ ዓመት። ሱብሂ ሰግደው ከሁላችንም ቀድመው ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ አሮጌ የፈተና ወረቀት ገልብጠው የመስኮቱ ደፍ ላይ ይዘረጉና ቆመው ይጽፋሉ። ለምን እንደማይቀመጡ ስጠይቃቸው «ከተቀመጥኩ የተመቸኝ ይመስለዋል» አሉኝ። ማን እንደሚመስለው አልነገሩኝም።

በገበያ ቀን ደግሞ ያቺን ገጽ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱና ሽንኩርት ተራ፣ እትዬ ጦይባ ዘንድ ይሄዳሉ። እትዬ ጦይባ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። እድሜያቸው ከጋሽ እንድሪስ ጋር ይቀራረባል፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ አፋቸው ግን ማንንም አይምር። ጋሽ እንድሪስ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ያነባሉ፤ እትዬ ጦይባ የበሰበሰውን ከደህናው እየለዩ ይሰማሉ። ዓይናቸው ወደ ሚዛኑ ወይም ወደ ገዢ የሄደበት ቦታ ላይ ጋሽ እንድሪስ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ኤክስ ያደርጋሉ። «እዚህ ጋ ጥላኝ ሄደች» ይላሉ። ተማሪ ሳለን ይህን ለማየት ብቻ ገበያ እንወርድ ነበር።

«በዚህ ሁሉ ከተማ የሚያነብልዎት የተማረ ሰው ጠፍቶ ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የተማረ ሰው ያዝንልኛል። ጦይባ አታዝንልኝም።»

ገጿ ሁልጊዜ ያቺው ናት። ቃላቱ ይቀያየራሉ እንጂ ነገሩ አይቀየርም። አንድ ልጅ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወረቀት አለ፤ ብዕሩን አንስቶ የሰው ስም ሊጽፍ ነው። እዚህ ላይ ያበቃል። እትዬ ጦይባ ቀና ይላሉ።

«እሺ? የማንን ስም?»

«ገና አልመጣልኝም።»

«ያ ረቢ! አንተ ሰውዬ፣ ልጁኮ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሸበተ!»

ሽንኩርት ተራው በሳቅ ይፈርሳል። ነገሩ የከተማው ቀልድ ሆኖ ነበር። ባጃጅ መሃል መንገድ ላይ ሲበላሽ «እንደ መምህር እንድሪስ ገጽ ቆመች» ይባላል። ጋሽ እንድሪስም ሰምተው ይስቃሉ፤ በማግስቱም ማለዳ መስኮቱ ደፍ ላይ ናቸው።

በዚያን ጊዜ እኔም በድብቅ አጫጭር ታሪኮች እጽፍ ነበር። እጀምራለሁ፤ አንድ ቦታ ስደርስ ይደርቅብኛል፤ ሌላ እጀምራለሁ። ደብተሬን ለሳቸው ብቻ አሳየሁ። አንብበው ሲያበቁ «የቆምሽበትን ቦታ ዞረሽ ለማለፍ አትሞክሪ። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው» አሉኝ።

«እርስዎስ መቼ አለፉት?» አልኩ። ክፉ አፍ አለኝ።

«አላለፍኩትም። ግን አልሸሸሁትም፤ በየማለዳው እሄድበታለሁ።»

ጦርነቱ ወደኛ መጠጋት ሲጀምር ለሁለታችንም ከወረዳው አንድ ትእዛዝ መጣ። ለሕዝብ ስብሰባ የሚነበብ ቀስቃሽ ግጥም ጻፉ ተባልን። ጋሽ እንድሪስ «አልመጣልኝም» ብለው መለሱ። እኔ ግን በአንድ ሰዓት ጻፍኩ፤ መድረክ ላይ ወጥቼ አነበብኩ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስወርድ አፌ ውስጥ የሰው ምራቅ ያለ መሰለኝ፤ ከግጥሙ አንድም ቃል የኔ አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ጠብቀውኝ «ቆሜ ነው ያጨበጨብኩልሽ» አሉ። «ለግጥሙ ነው?» ስላቸው «ለድምፅሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ስለሳቸው ደግሞ «ዝም ያሉት ልባቸው ወዴት ቢሆን ነው?» የሚል ወሬ ተናፈሰ። አልመለሱለትም።

በዚያ ክረምት ጦርነቱ ወልድያን አልፎ መርሳ ገባ። የቻለ ወደ ደሴ ሸሸ። ጋሽ እንድሪስ ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ጉልበታቸውን ስለሚታመሙ ቀሩ፤ እኔም እናቴን ይዤ ቀረሁ። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ፤ ዴስኩ እየተፈለጠ ማገዶ ሆነ።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ጦይባ ለታጣቂዎቹ ሽንኩርት እንዲያመጡ ታዘዙ። ጆንያውን ብቻቸውን ስለማይችሉት እኔ አገዝኳቸው። ግቢው ውስጥ ስንገባ ጋሽ እንድሪስ ዛፍ ሥር የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ነጭ ወረቀትና ብዕር አለ። አጠገባቸው የታጣቂዎቹ አለቃ ቆሟል፤ አማርኛው የጠራ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የፈለገው ዝርዝር ነበር፤ ልጆቻቸው ሚሊሻ ወይም ወታደር የሆኑባቸው ቤቶች፣ በስም በስም። ለምን እሳቸውን እንደመረጠ ግልጽ ነው። ሰላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው የማያውቀው ቤት የለም፤ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በሳቸው ፊደል ተሞልቷል።

«መምህር፣ ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አለ ግድግዳውን እያሳየ።

«የኔ ነው።»

«እና?»

«አሁን መጻፍ አልችልም።»

«አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ። አልመጣልህ ብሎኝ ነው።»

አለቃው እየተቀለደበት ይሁን እብድ ገጥሞት አልገባውም። ይሄኔ እትዬ ጦይባ ጆንያቸውን መሬት ላይ ዘፍ አደረጉት።

«ወላሂ እውነቱን ነው፣ ልጄ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ገጽ ላይ ተቸክሎ የቀረ ሰውዬ ነው። በየገበያው እየመጣ እኔን ሲያደነቁር ነው የሚኖር። የሰው ስም ሊጽፍ ሲል እጁ ድርቅ ይላል። ካላመንከኝ ሽንኩርት ተራውን ጠይቅ፤ ባጃጅ ነጂውን ጠይቅ!»

ከታጣቂዎቹ ሁለቱ ሳቁ። አለቃው ራሱ ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። «እስከ አሥር ሰዓት ይቀመጡ። ይመጣልዎታል» ብሎ ሄደ።

እኔንና እትዬ ጦይባን እዚያው ሽንኩርት እንድንልጥ አስቀመጡን፤ ስለዚህ ሁሉንም አየሁ። ጋሽ እንድሪስ ብዕሩን ያነሳሉ፤ ወረቀቱን ያያሉ፤ ብዕሩን ያስቀምጣሉ። በየማለዳው መስኮቱ ደፍ ላይ የማየው፣ ስስቅበት የኖርኩት ነገር ነው። መጀመሪያ አለቃውን የሚያሞኙ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን ማስመሰል አልነበረም፤ ላብ አጥምቋቸዋል። አሥር ሰዓት ላይ አለቃው ሲመለስ ወረቀቱ ነጭ ነው። ታች ጥጉ ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ ኤክስ አለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ብድግ አሉ። እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

«አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝርዝር ጽፌያለሁ። አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሁለተኛ አልጽፍም። ወረቀቱንም ብዕሩንም ውሰድ።»

የእትዬ ጦይባ ቢላዋ ሽንኩርቱ ላይ እንዳለ ቆመ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

አንዱ ታጣቂ ቀኝ እጃቸውን ዴስኩ ላይ አስይዞ በሰደፍ መታው። ሁለት ጊዜ። ጀግና ስለሆኑ አልጮኹም ብዬ አልዋሽም፤ ጮኸዋል። ዝርዝሩን ከሌላ ሰው አግኝተውት እንደሆነ አላውቅም። ከጋሽ እንድሪስ እጅ ግን አላገኙም፤ ይህን መርሳ ይወቅልኝ።

ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፤ ወጌሻ አሰረላቸው። ማሰሪያው ሲፈታ ሦስቱ ጣቶች አልታጠፍም አሉ። ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ከሄዱ በኋላ አብረን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ቁም ሳጥናቸው ተሰብሮ ባዶውን ቆሟል። ሰማንያው ገጽ ከተማሪዎቹ መዝገብ ጋር ተቃጥሏል፤ ግቢው ውስጥ በሦስት ጉልቻ መሃል አመዱ ተቆልሏል። እኔ አለቀስኩ። ጋሽ እንድሪስ አመዱን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ሳቁ።

«ተይው። ሰማንያውንም ገጽ የጻፍኩት ሰማንያ አንደኛው ላይ ላለመድረስ ነው» አሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ እትዬ ከድጃ ገና በር ላይ ያዙኝ። «አስካል፣ አንቺ እንኳ አንድ በይልኝ። በግራ እጁ እየጻፈ ነው! አስተግፊሩላህ!» በግራ እጅ አይበላም፤ ሰው ሰላም አይባልም፤ ዕቃ እንኳ አይቀበሉበትም። እኛ ክርስቲያኖቹም ልጅ በግራው ሲጎርስ እንቆጣለን። ገብቼ ሳይ ጋሽ እንድሪስ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው ፊደል ይጽፋሉ። ያ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፊደላቸው የለም፤ አንዱ ወዲህ ወድቋል፣ ሌላው ወዲያ።

«ጋሼ፣ እትዬ ከድጃ ተቆጥተዋል» አልኩ።

«ቁርኣን አይደለም የምጽፈው። አንቺ ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽም? በግራ እጅ ምን ይነካል?»

«ቆሻሻ።»

«በቃ! ይህ ነገር ቆሻሻ ነው። አስራ አንድ ዓመት ቆሻሻ በቀኝ እጄ ላነሳ፣ ደግሞም አሳምሬ ልጽፈው ስታገል ኖርኩ። ያንን ዝርዝር የጻፈው እኮ ያው የሚያምረው እጅ ነው። ራሱ ጽፎ ራሱ እንዴት ይናገራል?»

ቁጭ ብለው ነገሩኝ። አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ወጣት ለውትድርና በሚታፈስበት በዚያ ዘመን ጽሕፈታቸው ስለሚያምር የቀበሌ ጸሐፊ ተደረጉ። ሊቀመንበሩ ስም ይጠራል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ጎደለ። ሊቀመንበሩ «አንተው ሙላው» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ካልሞሉት የሚገባው የራሳቸው ስም እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ያውቃሉ። ብዕሩን አንስተው የይማምን ስም ጻፉ። ይማም አንድ ዴስክ ላይ አብሯቸው የሚቀመጥ ጓደኛቸው ነው። ሄደ፤ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ይማም የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

«የጦይባ ወንድም ነው።»

ሽንኩርት ተራው፣ ጆንያው፣ «የማንን ስም?» የሚለው የእትዬ ጦይባ ጥያቄ፣ የኛ ሳቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አፈርኩ።

ገጿ ያለቀች ሰሞን በገበያ ቀን «አብረሽኝ ነይ፤ እግሬ ከመንገድ ከመለሰኝ ያዢኝ» አሉ። እግራቸው አልመለሳቸውም። ሽንኩርት ተራ ስንደርስ እንደልማዳቸው ጆንያው ላይ አልተቀመጡም፤ ቆሙ። ፊደሉ የተንጋደደ ስለነበር ራሳቸውም እየተደናቀፉ ነው ያነበቡት። ልጁ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ብዕሩን አነሳ። ይማም አሊ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «ስሙን ማንም አልጠራልኝም። መርጬ የጻፍኩት እኔ እንድሪስ ነኝ።»

አንድ ገዢ መጥቶ «ኪሎው ስንት ነው?» አለ። እትዬ ጦይባ አልመለሱለትም። ደግሞ ጠየቀ። ዓይናቸው ከጋሽ እንድሪስ ፊት አልተነቀለም። ሰውየው አጉረምርሞ ሄደ።

በሚዛኑ ድንጋይ ይሏቸዋል ብዬ ጠጋ አልኩ። እትዬ ጦይባ ግን «ድገመው» አሉ።

ደገሙት።

«አሁን ሂድ። በሚቀጥለው ገበያ መጥተህ ታነብልኛለህ። ከዚያም በሚቀጥለው።»

«እስከ መቼ?»

«በቃህ እስክልህ።»

አላሏቸውም። ጋሽ እንድሪስ እስኪሞቱ ድረስ አንድ የገበያ ቀን አላጓደሉም። ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ሲያገረሽ፣ ሰው ዕቃውን ሸክፎ አስፋልቱን ሲሞላው እንኳ እሳቸው ወረቀታቸውን ይዘው ሽንኩርት ተራ ወረዱ። ስኳሩ እግራቸውን ሲይዘው ምርኩዝ ይዘው ወረዱ። እኔ በእትዬ ጦይባ ተናድጄ ሰላምታ እስከመንፈግ ደርሼ ነበር። «ይብቃዎት ጋሼ፤ ይህ ንስሐ አይደለም፣ ግርፋት ነው» አልኳቸው።

«ቃል ሳታሳልፍ የምትሰማኝ ሰው አግኝቻለሁ። ስንቱ ደራሲ ነው ይህን ያገኘ?» አሉኝ። ሌላ ገጽ አልጻፉም። ያቺ አንዷ ነበረች፤ አንሳለች የሚል ካለ የራሱን አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ በሴቶቹ በኩል ስሄድ እትዬ ጦይባ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ንዴቴ አልበረደም ነበር።

«አውፍ ሳይሏቸው ሞቱ፣ እትዬ ጦይባ። ይቅር ሳይሏቸው።»

ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ማን አለሽ? አውፍ ያልኩትማ ያን ቀን ነው፤ ገና ድገመው ሳልለው። ለሱም ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አመላለሷቸው?»

«ይማም መቃብር የለውም፣ አስካል። እናታችን ሞታለች። እኔ ስጠራው ድምፄ ይቆረጣል። የወንድሜን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራልኝ ሰው እንድሪስ ብቻ ነበር።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ «ወረቀቱ የት ነው?» አሉኝ።

ወረቀቱን ማታውኑ ከእትዬ ከድጃ ተቀበልኩ። ለቅሶው ካበቃ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ የገበያ ቀን ሽንኩርት ተራ ወረድኩ። ጆንያው ላይ አልተቀመጥኩም። ያን የተንጋደደ ፊደል እየተደናቀፍኩ አነበብኩ፤ ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለብኝ።

«ጮክ በይ!» አሉ እትዬ ጦይባ።

ጮክ አልኩ። ይማም አሊ! ሽንኩርት ተራው በሙሉ ዞሮ አየኝ።